የምረቃ መጽሔቱ ያልጻፈው ሕንፃ

የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የምረቃ መጽሔት አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ በር ላይ የሚሸጠው፣ ሽፋኑ ላይ ጉልላቱ በትልቁ የሚታይበት። መጀመሪያ ቃለ ቡራኬ፣ ቀጥሎ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ሪፖርት፣ ከዚያ ታቦቱ ከየት እንደመጣና የተደረጉ ተአምራት፣ መጨረሻ ላይ ሲሚንቶና ብረት የለገሱ በጎ አድራጊዎች ስም ዝርዝር። እናቴ ቤት ከቴሌቪዥኑ ሥር እንዲህ ያሉ ሰባት አሉ። እንደ ሥነ ጽሑፍ የሚቆጥራቸው የለም። ግን ተራው ሰው እጅ የሚገባ፣ ስለ ሕንፃ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ቢፈለግ ከነዚህ ሌላ ብዙም አይገኝም። ስለዚህ እንደማንኛውም ጽሑፍ ሊተቹ ይገባል ባይ ነኝ።

ትችቱን ከራሴ ልጀምር። የአቃቂ ቃሊቲ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈራችን ደብር አሮጌውን ክብ ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ በኮንክሪት ሲሠራ፣ «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ» ተብዬ መጽሔቱን ያቀናበርኩት እኔ ነኝ። ፎቶ ስሰበስብ የአሮጌው ሕንፃ ፎቶ ጠፋ። ስንት ሠርግ፣ ስንት ጥምቀት ተነስተንበታል፤ ሕንፃውን ብሎ ያነሳው ግን የለም። ተፈልጎ የተገኘው የሰንበት ተማሪዎች በቡድን የተነሱት ነው፤ ከኋላቸው ጥግ ላይ ትንሽ የጭቃ ግድግዳና ግማሽ መስኮት ይታያል። እሱን ቆርጬ አሳደግኩና «ቀድሞ የነበረው ቤተ ክርስቲያን» ብዬ ጻፍኩበት። ዓምዶቹ ስንት ነበሩ? እንጨቱ ምን ነበር? ጣሪያው ከውስጥ እንዴት ነበር የተያያዘው? ልጅ ሆኜ ዓምዱን ተደግፌ ስንት ቅዳሴ አንቀላፍቻለሁ፤ መልሱን ግን አላውቀውም።

ጥያቄው በደንብ የገባኝ አዳዲ ማርያም ስሄድ ነው። እናቴን ይዤ በቡታጅራው መንገድ ወጣን፤ ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። ስትደርሱ ሕንፃ ብላችሁ ቀና ብትሉ አታገኙም። ጣሪያው ከመሬቱ እኩል ነው፤ ዙሪያውን ወደተቆፈረው ቦይ ስትወርዱ ነው ግድግዳው ከፊታችሁ የሚቆመው። ትውፊቱ ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጠዋል። ከላሊበላዎቹ ጋር ካስተያያችሁት ሸካራ ነው፤ መስመሩ እንደነሱ አልጠራም። እኔ የወደድኩት ይኼንኑ ነው። የጠራቢው መሮ ያረፈበት ይታያል። ዓለት ላይ ደግሞ ስህተት ወደኋላ አይመለስም፤ አንዴ የተፈለፈለ ተፈለፈለ። እናቴ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች «ይኼን የሠራው ሰው ስሙ የለም?» አለችኝ። ስም የለም። እጁ ግን አለ።

ላሊበላ ላይ ደግሞ ቤተ አማኑኤልን ተመልከቱ። ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ መገንባት የአክሱም ሰዎች አሠራር ነው፤ ደብረ ዳሞና ይምርሐነ ክርስቶስ ላይ ዛሬም ይታያል። ቤተ አማኑኤል ግን ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ስለሆነ እንጨት አያስፈልገውም። ሆኖም ጠራቢዎቹ ግድግዳውን ገባ ወጣ እያደረጉ የእንጨቱን ድርብርብ፣ በየመስኮቱ ማዕዘን ብቅ የሚለውን የእንጨት ጫፍ ሳይቀር ዓለቱ ላይ ቀረጹት። ምንም የማይሸከም ወራጅ! መሐንዲስ ሆኜ መጀመሪያ ሳየው ትርፍ ድካም መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን አዲሱን ሲሠሩ አሮጌው እንዴት እንደነበር አዲሱ ላይ ጽፈውታል። እኛ ያላደረግነው ይህን ነው።

ይህን ለደብራችን አንድ አባት ሳነሳባቸው «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው ታቦቱ ነው፤ ግድግዳማ ያረጃል» አሉኝ። ልክ ናቸው። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ሕዝቡ በዝቶ ግማሹ ደጅ ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው። እናቴን ዝናብ ላይ አቁሜ ጭቃ ግድግዳ ይጠበቅ የምል ሰው አይደለሁም። እኛም በሙያችን አሮጌ ኮድ እንጥላለን፤ በየቀኑ። ግን ከመጣሉ በፊት የነበረው ጊት ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። ማፍረስና መርሳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የምረቃ መጽሔቶቻችን ግን አንድ አድርገዋቸዋል።

የሌላውን አገር ካነሳን እንግሊዝ አለች። ኖርፎክ የምትባል አንዲት አውራጃ ብቻ ከ600 በላይ የመካከለኛው ዘመን የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አሏት። ኒኮላውስ ፔቭስነር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1974 ድረስ የእንግሊዝን ሕንፃዎች አውራጃ በአውራጃ እየዞረ በ46 ቅጽ አሳተመ፤ የትንሿ መንደር ቤተ ክርስቲያን ቅስት ሳይቀር በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ተጽፏል። በሌላ በኩል እዚያው አገር፣ ምእመን ያጡ ከ350 በላይ አብያተ ክርስቲያናትን የሚጠብቅ ድርጅት አለ። ሕንፃው ቆሞ ሰው የቀረበት ቤት አያስቀናኝም። መዝገቡ ግን ያስቀናኛል።

«ያ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ ካለ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ አበባ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በትግራይ የሚገኙ ከ120 በላይ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር ይዘው ቀረቡ። አብዛኞቹን የውጭው ተመራማሪ አያውቃቸውም ነበር፤ የአካባቢው ገበሬ ግን ለዘመናት ሲያስቀድስባቸው ኖሯል። የጎደለው ዝርዝሩ ነበር። አንድ ካህን ጻፈው።

እና ከቀጣዩ የምረቃ መጽሔት የምጠብቀው ብዙ አይደለም። አራት ገጽ። በሜትር ተለክቶ የተሳለ ፕላን፤ ከአራቱም ማዕዘንና ከውስጥ በስልክ የተነሳ ፎቶ፤ የአናጢውና የሠዓሊው ስም፤ ሲሠራ ያዩ አረጋውያን ቃል። አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። የሲሚንቶ ለጋሹ ስም ይቅር አላልኩም፤ ከሱ አጠገብ ማገሩን ያሰረው ሰውም ይኑር ነው።

የእኛ ሕንፃ እንኳ ፈርሷል። ከአዳዲ ስንመለስ መኪና ውስጥ እናቴን «ዓምዶቹ ስንት ነበሩ?» አልኳት። «እኔ ምን አውቄ» አለችና ትንሽ ቆይታ «የእኔ ከሴቶች በር ሦስተኛው ነበር» አለች። ቀጥላም የጎረቤቶቿን ቆጠረች፤ ይቺ እዚህ ትቆም ነበር፣ ያቺ እዚያ፣ ያቺ ወገቧን ስለሚያማት ግድግዳው ሥር። ከዚያ ወዲህ ቡና በተጠራሁበት ቤት ሁሉ እጠይቃለሁ። ስድስት እናቶች የየራሳቸውን ቦታ ነግረውኝ ወረቀቱ ፕላን መምሰል ጀምሯል። እስካሁን ዓምዶቹ ስምንት ሳይሆኑ አይቀሩም። ሁለቱ እናቶች ግን አሥር ነው ብለው ድርቅ ብለዋል።