«ድራማቲካሊ» ስለሚባለው የእንግሊዝ ቃል

በእንግሊዝ ቋንቋ «ድራማቲካሊ» የሚባል ቃል አለ። ዋጋ ሲወደድ፥ ዝናም ሲያንስ፥ የሕዝብ ቍጥር ሲበዛ ጋዜጦች ይህን ቃል ከግሱ ጋራ አያይዘው ይጽፉታል። ወደ አማርኛ የሚመልሱት ሰዎችም አንዳንዱ «በአስደናቂ ኹኔታ»፥ አንዳንዱ «በከፍተኛ ደረጃ»፥ አንዳንዱም «ድራማዊ በኾነ መንገድ» ይሉታል። ነገር ግን የቃሉን ሥር ሳይመረምሩ ፍሬውን መልቀም አይቻልም።

ሥሩ ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ነው። «ድራን» ማድረግ፥ «ድራማ» ድርጊት ማለት ነው፤ ኋላም በሰው ፊት ለሚታየው ድርጊት፥ ማለት በአማርኛ ተውኔት ለሚባለው፥ ስም ኾነ። ሊቁ አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔ በጻፈው መጽሐፍ፥ ነገር ወደ ተቃራኒው መገልበጡን ከተውኔት ብርቱ ኀይሎች አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። ምሳሌውንም ከሶፎክሊስ ኤዲፐስ ይወስዳል። ከቆሮንቶስ የመጣው መልክተኛ ንጉሡን ደስ ሊያሰኝና ከፍርሀቱ ሊያወጣው ሲናገር፥ ማንነቱን ገልጦ ጥፋቱን ያቀርብበታል።

እንግዲህ ይህ ቃል ኹለት አገባብ አለው። አንደኛው፥ ሰው እንደ ተዋናይ ኾኖ ሲናገር ወይም እጁን ሲያነሣ የሚነገርለት ነው። ኹለተኛው፥ ለውጡ ትልቅና ዐይን የሚስብ ሲኾን የሚነገርለት ነው። «ድራማዊ በኾነ መንገድ» የሚለው ትርጕም ለፊተኛው ይስማማ ይኾናል፤ ለኋለኛው ግን ገበያውን ተዋናይ ያደርገዋል።

ከ100 ወደ 102 ከፍ ላለ ቍጥር ይህን ቃል መስጠት ማባከን ነው። የፈንጣጣ ነገር ግን ይገባዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ዘመቻው ሲበረታ በብዙ አገሮች ሰው ይፈጅ የነበረው በሽታ በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇልና። ይኹን እንጂ እዚህም ዘመኑ ራሱ ከተነገረ ቃሉ ብዙ አይጨምርም።

አማርኛ ይህን አሳብ ብዙ ጊዜ የሚያድረው በግሱ ውስጥ ነው። «ዋጋው ከፍ አለ» እና «ዋጋው ናረ» አንድ አይደሉም። «ዝቅ አለ» እና «አሽቆለቈለ»፥ «ጠፋ» እና «ድርግም አለ» እንዲሁ ይለያያሉ። «ናረ» ላለ ሰው «በአስደናቂ ኹኔታ» ትርፍ ሸክም ነው። በችኰላ የተመለሰ ቃል፥ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ ዐረፍተ ነገሩን አያጠብቀውም።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። ጥቂቱ ኹሉ አስደናቂ ከተባለ፥ እውነተኛው መዓት ወይም እውነተኛው በረከት በመጣ ጊዜ አንባቢው ቃሉን ሰምቶ ያልፈዋል። ጸሓፊ ቃሉን ቢቈጥብ፥ በሚያስፈልገው ቀን የሚያምነው አንባቢ ያገኛል።