«ኅብረ ቀለም» ስለሚለው ስያሜ

በእንጦጦ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ከተተከሉ ወዲህ ስለ ፀሐይ መሰል ከዋክብት በአማርኛ መጻፍ ግድ ሆኗል። ለ«ስፔክትረም» አንዳንዴ የሚቀርበው «ኅብረ ቀለም» ግን ለጆሮ ቢያምርም ለሥራው አይበቃም። ተመራማሪው የፀሐይን ንጥረ ነገሮች የሚለየው በይበልጥ ከጎደለው ብርሃን ነውና። ፍራውንሆፈር በ1814 እ.ኤ.አ. ካስተዋላቸው ጥቁር መስመሮች ብዙዎቹ በፀሐይ ውጫዊ ጋዝ ያሉት ሶዲየም፣ ብረትና ሌሎችም የዋጡትን ብርሃን ያመለክታሉ። ስያሜውን በአሊዩ አምባ ገበያ ለሸማ ነጋዴ ብናሰማው ጥለት ይታየው ይሆናል፤ ከመካከሉ ፈትል መጉደሉን ግን አይረዳም። «ዝርዝረ ብርሃን» ይሻላል፤ ጥቁሩም «የጉድለት መስመር» ይባል። «የፀሐይ ከባቢ አየር» ደግሞ ጨርሶ ያሳስታል፤ አየር የምንተነፍሰው ሲሆን የፀሐዩ በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው። «ከባቢ ጋዝ» ማለት ምን ከለከለ?