ባልጩትን በቦታው ማርጋት

ማይንክራፍት በተባለው ጨዋታ ላይ የጎንደሩን የፋሲል ግንብ ሊሠራ የተነሣ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ስልኩን ሊያስጠግን እብናት ወዳለው ሱቄ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ለግንቡ የሚሆነውን ባልጩት ቆፍሬ ለመጨረስ ስንት የአልማዝ ዶማ ይበቃኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ የአልማዝ ዶማ 1561 ብሎክ ቆፍሮ ይሰበራል። ኤንቻንት ያልተደረገ ዶማ አንዱን ባልጩት (ኦብሲዲያን) ለመንቀል 9 ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አንዱ ዶማ እስኪያልቅ ልጁ ከአራት ሰዓት በላይ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተጭኖ ሊቀመጥ ነው። ይህን ነገርኩት። ደንበኛ ቆሞ ስለነበር ዋናውን ነገር ሳልነግረው ሄደ፦ ባልጩት መቆፈር የለበትም። ግድግዳው በሚቆምበት ቦታ ላይ መርጋት አለበት። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው፤ ቁፋሮውን ላስተማሩት ትልልቅ ተጫዋቾችም ነው።

የባልጩትን ጥንካሬ ለሚጫወት ሰው አላስረዳም። የተራው ድንጋይ ፍንዳታ የመቋቋም አቅም 6፣ የባልጩት 1200 መሆኑን፣ የሚፈነዳው ክሪፐርም ቲኤንቲም እንደማይነካው ሁሉም ያውቃል። የተዘነጋ የሚመስለኝ አመጣጡ ነው። ውሃ የላቫን ምንጭ ሲነካ ባልጩት ይሆናል፤ ከምንጩ ወጥቶ የሚፈስሰውን ላቫ ከነካ ግን የሚገኘው ኮብልስቶን ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ባልጩት አንድ የላቫ ምንጭ ይበላል፤ ከዚህ ዋጋ ማንም አያመልጥም። ምንጩ ደግሞ በባልዲ ይነሣል። በባልዲ የተነሣ ላቫ የትም ቦታ ቢደፋ ምንጭነቱ አይጠፋም። ታዲያ ከመሬት በታች ካለ ሐይቅ ውስጥ አርግቶ፣ የረጋውን መልሶ በዶማ ነቅሎ፣ ተሸክሞ ወጥቶ፣ እንደገና መደርደር ምን ይሉታል? አንዱን ሥራ ሦስት ጊዜ መሥራት ነው።

ቁፋሮው ከድካሙ በላይ ብክነት አለው። ከ1.18 እትም ወዲህ ሰፋፊዎቹ የላቫ ሐይቆች ያሉት ከ−54 ከፍታ በታች ነው። እዚያ ወርዶ ውሃ የለቀቀ ሰው የሚያገኘው የሐይቁን የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ላቫ እንዳለ ነው። አንዱን ባልጩት ሲነቅል ብሎኩ ወደ ታች ወድቆ ይቃጠላል። ዘጠኝ ሰከንድ ተኩል የጠበቀው ነገር ዓይኑ እያየ ጢስ ሆኖ ይቀራል። ጎበዝ ቆፋሪ ውሃው ሁልጊዜ በእግሩ ሥር እንዲፈስስ አድርጎ ይህን ይከላከላል፤ ግን ውሃው ራሱ እየገፋ ወደማይፈልግበት ይወስደዋል። በዚህ ጥልቀት ውስጥ የላቫ እራት የሆኑ የአልማዝ ዕቃዎችን ታሪክ የማይነግርህ ተጫዋች የለም።

አሠራሩን ልናገር። ቅርጹ በአፈር ወይም በኮብልስቶን ይሠራል። በእንጨት ቅርጽ የሚያወጣ ሰው ላቫው ሳይረጋ እሳት ይነሣበታል። ቅርጹ ከታችና ከጎን ይዘጋል፣ ከላይ ይከፈታል። ከዚህ በኋላ ውሃው ይቅደም ወይስ ላቫው የሚለው ሙግት ይመጣል፤ እኔ ውሃው ይቅደም ባይ ነኝ፣ ማንም ከዚህ አያነቃንቀኝም። ከረድፉ ራስ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ትለቃለህ። ውሃው በቅርጹ ላይ እየወረደ ሳለ ላቫውን በምትፈልገው ቦታ ትደፋለህ፤ ባልዲህን ሳትመልስ ጠቁሮ ታየዋለህ። ላቫው ለመፍሰስም ሆነ እሳት ለማስነሣት ጊዜ አያገኝም። ረድፉ ሲያልቅ ውሃውን በባልዲህ መልሰህ ታነሣና ቅርጹን አንድ እርከን ከፍ ታደርጋለህ።

ሌሎቹ መጀመሪያ ረድፉን በሙሉ በላቫ ሞልተው በመጨረሻ ውሃ ይለቃሉ። ፍጥነቱን አልክድም። ነገር ግን በመሐል አንዲት ጉድጓድ ሳትሞላ ከቀረች ከጎኗ ያለው ላቫ ወደ እሷ ይፈስሳል፤ ምንጭ ስላልሆነ ውሃው ሲደርስ ያ ቦታ ኮብልስቶን ሆኖ ይረጋል። ፊቱን በሌላ ድንጋይ ከሸፈንከው በኋላ አንተ አታየውም፤ ክሪፐሩ ያገኘዋል። ውሃ ቀድሞ ከሆነ ግን እያንዳንዷ ብሎክ በዓይንህ ሥር ትጠቁራለች። ያላየኸው የግድግዳ ክፍል አይኖርም። እኔ ስለ ጥራት ሳወራ የማወራው ይህን ነው።

አልማዝ ጨርሶ ያላገኘ ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ይሠራል። አራት በአምስት የሆነው የኔዘር በር ማዕዘኖቹ ቢተዉ በ10 ባልጩት ይቆማል፤ ጨዋታውን በሰዓት የሚሽቀዳደሙት ተጫዋቾች ላቫው ዳር በባልዲ አርግተውት ዶማ ሳይነኩ ያልፋሉ። ለበር የሚሆን ዘዴ ለግንብ የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

ደብረ ታቦር ውስጥ የማውቀው አንድ ወጣት አለ፤ ከእኔ የተሻለ ዓይን ያለው ገንቢ ነው፣ የቁፋሮ ሰው ነው። ክርክሩ ጠንካራ ስለሆነ በሐቅ ላስቀምጠው። የተቆፈረ ባልጩት በአንድ የዕቃ ቦታ ላይ 64 ይደረደራል፤ የላቫ ባልዲ ግን አንዱ አንድ ቦታ ይይዛል። ኪሱን በባልጩት የሞላ ሰው በአንድ ጉዞ ግድግዳ ያቆማል፤ ኪሱን በላቫ የሞላ ሰው አንድ መስኮት አይጨርስም። «አንተ የምትጠላው ሸክም በአንተ ዘዴ ይብሳል» ይለኛል።

ልክ ነው፣ ግንቡ ከላቫው ርቆ ከተሠራ። እኔ የምለው ቦታው በላቫው ይመረጥ ነው። የገጽ ላይ የላቫ ኩሬ ያለበትን ዳገት ፈልግና መሠረቱን እዚያ ጣል። ኩሬው ካለቀ ደግሞ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) የ1.17 እትም ጀምሮ ሌላ መንገድ አለ፦ ከላይ አንድ የላቫ ምንጭ፣ ከሥሩ ብሎክ፣ ከብሎኩ በታች የተንጠለጠለ የድሪፕስቶን ሹል፣ ከሹሉ በታች የብረት ጋን። ላቫው እየተንጠባጠበ ጋኑን ይሞላል፣ ከላይ ያለው ምንጭም አይጎድልም። ቀስ ይላል። ግን ግንቡ አጠገብ እንዲህ ያሉ ጋኖች በረድፍ የተከለ ሰው የባልጩት ማሳ አለው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሸክም የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ ወጣት ጋር በተሟገትን ቁጥር ሐሳቤ ወደ ጋፋት ይሄዳል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ባለ እጆችን አስፍረው መድፍ ያስፈሰሱበት ቦታ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እዚያ ነው ቀልጦ ቅርጽ የያዘው፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ይባላል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሡ መድፉ በጋሪ ሆኖ ተከተለ። መንገድ አልነበረም። መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ፣ የጂዳ ገደል እየተናደ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው እየሳበ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሁሉም ነገር መቅደላ ላይ አበቃ፤ መድፉ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ምርጫ አልነበራቸውም። ምድጃው ጋፋት ነበር፣ ጦርነቱ መቅደላ። የቀለጠ ነሐስ ሳይቀዘቅዝ በባልዲ ይዞ የበሻሎን ወንዝ መሻገር የሚችል ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ሕዝብ ማን ያስጎትት ነበር? ያ ባልዲ በእኛ እጅ ነው። ባልዲው እያለን የረጋውን ነቅለን የምንሸከምበት ምክንያት አይገባኝም።

ተማሪው ሌላም የሳተው ነገር አለ፤ ግንቡን በሙሉ በባልጩት ላድርገው ብሏል። እንዲህ አይሆንም። የእውነተኛው ባልጩት ጠባይ ከጨዋታው የተለየ ነው፤ ሲሊካ የበዛበት ላቫ ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር መስታወት ነው፣ ሲመቱት ይሰነጠቃል፣ ስለቱ ግን ተወዳዳሪ የለውም። አገራችን ይህን ከማንም ቀድማ ታውቃለች፤ መልካ ቁንጥሬ አካባቢ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ባልጩት እየጠረቡ የእጅ መጥረቢያ ሲሠሩ እንደነበር ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ለግድግዳ ግን አይመረጥም። የእኛ ደጋ የግንብ ድንጋይ ባዛልት ነው። የቆምንበት አምባ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ ላቫ ነው፤ የጉና ተራራ ራሱ ከዚያ በኋላ የመጣ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። የፋሲል ግንብም የቆመው ቡናማ ባዛልት በኖራ እየተያያዘ ነው። ኖራው ደግሞ ርጥብ ሆኖ በድንጋዮቹ መሐል ገብቶ እዚያው በቦታው የሚጠነክር ነገር ነው። በጣሊያን ዘመን ግንቦቹ ውስጥ ሲሚንቶና አርማታ ገብቶ ነበር፤ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን እያወጡ ወደ ኖራው መለሱት።

ስለዚህ ለጨዋታው የምመክረው ይህ ነው፦ ግድግዳው ሁለት ብሎክ ውፍረት ይኑረው። ውስጡ በቦታው የረጋ ባልጩት፣ ፊቱ ግራጫና ቡናማ ድንጋይ። ከውጭ ሲታይ ጎንደር ነው፤ ክሪፐር ፊቱን ቢያፈርሰው ውስጡ ይቆያል፣ ፊቱ በነጋታው ይለበጣል። የፊቱ ድንጋይ ከአፈር ቅርጹ የአንዱን ጎን ሥራ ስለሚሠራ ድካሙም ይቀንሳል። ቁፋሮ የለመደ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ለእሱ ፊቱና ውስጡ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አሁን ለምን እንዲህ እንደምሟገት ልናገር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰርቨር የሚባል ነገር ከእጃችን ወጣ። ማይንክራፍት ግን በአንዱ ስልክ ሆትስፖት ሌሎቹ ስልኮች ከገቡበት ያለ ኢንተርኔት አብሮ ያጫውታል። የሰፈሩ ልጆች ማምሻውን ሱቁ ውስጥ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ትምህርት ያቋረጡ ነበሩ፣ ከሌላ ቀበሌ ዘመድ ቤት የመጡም ነበሩ። ቁፋሮ የብቻ ሥራ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቢቆፍር አንዱ የሌላውን ያቃጥላል። ማርጋት ግን ሰው ይፈልጋል። አንዱ ውሃውን ይይዛል፣ አንዱ ላቫ ያመላልሳል፣ አንዱ ቅርጹን ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው የረጋውን ያያል። «ውሃ!» «ቆይ!» «ልቀቅ!» እየተባባሉ ይሠራሉ። እኔ በደቦ አጨዳ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ድምፁን ወዲያው አወቅሁት። በዚያ ሰሞን ዝም ብሎ ይቀመጥ የነበረ አንድ ልጅ መጀመሪያ የተናገረው «ውሃው አልደረሰም» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ የውሃ ኃላፊው እሱ ሆነ። እሱ ሳይመጣ ረድፍ አይጀመርም ነበር።

ያደግሁበት ቤት የባሕር ዛፍ ማገርና ጭቃ ነው። ክረምት ሲወጣ አባቴ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጦ፣ አቡክቶ፣ የታጠበውን ግድግዳ እንደገና ይለስነው ነበር። እኔ ውሃ አቀባይ ነበርኩ። ድካም ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አባቴ እጁን በግድግዳው ላይ እያሳለፈ ስለ ሰው፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ሞቱ ዘመዶቹ የሚያወራኝ ያን ጊዜ ብቻ ነበር። የሚጠነክር ነገር ከእጅህ ሥር ርጥብ ሆኖ ሲያልፍ የማየትን ፍቅር ከዚያ ያገኘሁት ይመስለኛል። አሁን በስልክ ስክሪን ላይ አፈር ቅርጽ ሠርቼ ላቫ ስደፋ አጠገቤ ሰው እንዲኖር የምፈልገውም ለዚህ ነው። ተቆፍሮ የመጣ ባልጩት ከእኛ ባልጩት ጋር አንድ ነው፣ ብሎኩ ብሎክ ነው፤ ይህን ሊያስረዱኝ የሚመጡ አሉ። አውቃለሁ። እኔ የምጠብቀው ግድግዳው ሲሠራ ማን እንደነበረ ነው።

ለተማሪው የቀረኝ የጉልላቱ ነገር ነው። የፋሲል ግንብ አራት የማዕዘን ክብ ማማዎች በጉልላት ይዘጋሉ፤ በባዶ ላይ ላቫ መደፋት ስለማይችል ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ወደ ዶማ ይመለሳሉ። አትመለስ። የማማውን ውስጥ እስከ አፉ በአፈር ሙላው፣ አፈሩን ከላይ ክብ አድርገህ ከምረው፣ ቅርጽህ እሱ ነው። ከዳር ወደ ጫፍ በእርከን እያጠርክ አርጋ፤ ውሃው ግን ከጫፉ ይጀምር፣ በሁሉም ጎን እኩል እንዲወርድ። ጫፉን የምትዘጋው ውሃውን በባልዲ ካነሣህ በኋላ ነው፤ የመጨረሻዋን ላቫ ደፍተህ ከጎኗ አንድ ጊዜ ውሃ አስነካት። ከዚያ በማማው በር ገብተህ አፈሩን በአካፋ ከሥር ወደ ላይ አውጣው። አፈር አውጪ ሁለት ሰው ይዘህ ና፤ ከአንድ ማማ የሚወጣው አፈር ለሚቀጥለው ማማ ቅርጽ ይበቃል።