ኦሞን ለኦሞ ሰው መተርጎም

ጣሊያናውያኑ መኮንኖች ላምቤርቶ ቫኑቴሊና ካርሎ ቺቴርኒ «ኦሞ» የተሰኘውን የጉዞ ማስታወሻቸውን እ.ኤ.አ. በ1899 ሚላኖ ላይ ሲያሳትሙ የጻፉት ወንዙን አይቶት ለማያውቅ አንባቢ ነበር። ሉድቪግ ፎን ሆኔል ከአሳሹ ቴሌኪ ጋር ወደዚሁ አካባቢ ያደረገውን ጉዞ በ1892 በጀርመንኛ አሳተመ፤ ናንሲ ቤል በ1894 ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ለንደን ላይ «ይህ አገር እንዲህ አይደለም» ብሎ የሚሞግታት አንባቢ አልነበረም። እኔ የጣሊያኖቹን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የምመልሰው ደቡብ ኦሞ፣ ሃና ተቀምጬ ነው። እዚህ አንባቢው ከደራሲዎቹ ይበልጥ አገሩን ያውቀዋል።

ስለዚህ ደራሲውን በየገጹ የማረም ፈተና አለ። ከስሞቹ ልጀምር። በቪቶሪዮ ቦተጎ የተመራውና ሁለቱ ደራሲዎች የነበሩበት ጓድ አባያን ማርገሪታ፣ ጫሞን ሩስፖሊ ብሎ ሰየመ። ከእነሱ በፊት እነ ቴሌኪ ጨው ባሕርን ስቴፋኒ፣ ቱርካናን ሩዶልፍ ብለዋቸው ነበር። በአገሩ ስም ብተካቸው ንባቡ ይቀላል፤ ግን አላደርገውም። የንግሥትና የልዑል ስም በሰው ሐይቅ ላይ መለጠፍ የጉዞው አንዱ ሥራ ነበር። ስሙን ከፋቅሁት ሥራውንም ሸፈንኩላቸው ማለት ነው። የአገሩን ስም ከግርጌ አንድ ጊዜ እጽፋለሁ፣ ካርታው ላይ ሁለቱንም አኖራለሁ።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ጓዱ 1888 ዓ.ም. እንደገባ ከብራቫ ወደብ ተነሣ። የካቲት 23 ዓድዋ ላይ የአገራቸው ጦር ሲሸነፍ እነሱ በደቡብ ጉዞ ላይ ነበሩ፤ ወሬው አልደረሳቸውም። በነሐሴ መጨረሻ ኦሞ የሚገባበት ሐይቅ ደርሰው፣ ወንዙ ወዴት ይፈስሳል የሚለውን የጂኦግራፊ ሰዎች ክርክር ቋጩ። በዋናው ጽሑፍ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው። እሱን ብቻ ብተው አማርኛ አንባቢ ምንም ሳይሰማው ያልፋል። ከጎኑ የእኛን ቀን ሳኖርለት ግን ደራሲዎቹ ገና ያልሰሙትን እሱ ያውቃል። አንዲት የማብራሪያ ቃል አልጨምርም፤ ቀኑ ይበቃዋል።

ከብት ላይ ስደርስ ሌላ ፈተና ይመጣል። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ካትሱዮሺ ፉኩይ እንዳጠናው፣ በሃና አካባቢ የሚኖሩት ቦዲዎች የከብትን ቀለምና ጥለት በረቀቀ ስያሜ ይለያሉ፤ ቀለሙ ከማንነታቸውና ከሥርዓታቸው ጋር የተሳሰረ ነው። አማርኛም ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳለቻ፣ ጉራቻ ይላል። አንድ የጣሊያን መኮንን «ዝንጉርጉር በሬ» ብሎ ካለፈ እኔ ቡሬ ልበለው? ያላየውን እንዳየ ማድረግ ይሆንብኛል። ጽሑፉን ለአንድ የቦዲ መምህር ጮክ ብዬ ሳነብለት የትኛው ዝንጉርጉር እንደሆነ ጠየቀኝ። መጽሐፉ እንደማይናገር ስነግረው «እንግዲያው ከሩቅ ነው ያየው፤ እንደዚያው ተወው» አለኝ። ትቼዋለሁ።

ንቀቱንም አላለሰልስም። የዚያ ዘመን መንገደኛ ሰውን «አረመኔ» ሲል፣ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቶ አማርኛ ያነባል። በጨዋ ቃል ብለውጠው መንገደኛውን ከእውነቱ በላይ ደግ አድርጌ ለልጁ ማቅረቤ ነው። በመቅድሜ አስጠንቅቄ ቃሉን እንዳለ አኖራለሁ። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም፤ ሥጋታቸው ይገባኛል፣ ውሳኔዬ ግን ይኸው ነው።

ቦተጎ መጋቢት 9 ቀን 1889 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ተገደለ። ሁለቱ መኮንኖች ተማርከው ቆይተው ምኒልክ ከለቀቋቸው በኋላ ነው መጽሐፉን የጻፉት። ይህንን በመቅድሜ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ አንባቢ የሚያነበው የተረፉትን ቃል መሆኑን ይወቅ።

ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛ ወይም ሩሲያኛ የምታውቁ ወገኖች፣ ስለ ደቡብ ኦሞ የተጻፉ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ አንዱን አንሡ። ዴቪድ ተርተን፣ ሞገስ ይገዙና ኦሊሳራሊ ኦሊቡዪ በ2008 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት የሙርሲ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከጠረጴዛችሁ አይራቅ። ረቂቁንም ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ሃና፣ ቱርሚና ኦሞራቴ ወስዳችሁ ለባለቤቶቹ አንብቡላቸው።