የኒጂን ሐይቅ የጀልባ ቤቶች፦ የሥራቸው ጥራት በምን ይለያል?

በሰሜን ሕንድ በካሽሚር የሚገኙት የዳልና የኒጂን ሐይቆች የስሪናጋር ከተማ ጌጦች ናቸው። በጠባብ የውሃ መተላለፊያ ይገናኛሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ዳል ሰፊ ነው፤ ሻጩም ጎብኚውም ይበዛበታል። ኒጂን ትንሽና ጭር ያለ፣ ዳርቻው በአኻያ ዛፍ የተከበበ ስለሆነ ልጆች ይዞ ለጥቂት ቀናት ማረፍ ለሚፈልግ ቤተሰብ የተሻለው እሱ ነው። ማረፊያውም በውሃው ላይ የቆመ የእንጨት ቤት፣ ሀውስቦት የሚባለው፣ ነው።

ሃንጂ የሚባሉት የካሽሚር ባለጀልባዎች ከጥንት ጀምሮ ዱንጋ በተባለ፣ በሰሌን በተሸፈነ ጀልባ ላይ ይኖሩ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የአገሩ ገዥ ማሃራጃ የውጭ ሰው መሬት እንዳይገዛ ስለከለከሉ ሙቀት ሸሽተው የሚመጡት እንግሊዞች ማረፊያቸውን በውሃ ላይ አደረጉ። ዱንጋውም ሰፍቶና አምሮ ሳሎን፣ መመገቢያ ክፍልና መኝታ ቤቶች ያሉት መኖሪያ ሆነ። ዛሬ የሚታዩት ርዝመታቸው ከ25 እስከ 38 ሜትር የሚደርስ፣ ከዳር ታስረው የሚቆሙ ቤቶች ናቸው። እንግዳው ወደ የብስ የሚሻገረውም ሐይቁን የሚጎበኘውም ሺካራ በምትባል፣ የልብ ቅርጽ ባለው መቅዘፊያ በምትቀዘፍ ቀላል ጀልባ ነው። ቤቱ ራሱ ይጓዛል ብሎ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ይህን ይወቅ።

ብዙ ሰው የጀልባ ቤትን የሚመርጠው በበረንዳው ቅርጻ ቅርጽና በመጋረጃው ቀለም ነው። ሥራ አዋቂ ግን ከታች፣ ከጀልባው ሆድ ይጀምራል። ጥሩ ጀልባ የሚሠራው ከዴኦዳር ነው፤ የአርዘ ሊባኖስ የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ በሂማላያ ተራሮች ላይ የሚበቅል ዛፍ። እንጨቱ ዘይታማና መዓዛው ጠንካራ ነው፤ ብስባሴንም ከሌላው እንጨት አብልጦ ይቋቋማል። ያም ሆኖ ዘላለማዊ አይደለም። ከዓመት ዓመት ውሃ ውስጥ የሚኖር ጣውላ እየተመረመረ፣ ያረጀው እየተተካና ስንጥቁ እየተደፈነ ካልሄደ ጀልባው ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ይጀምራል።

ማዘንበሉን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በሺካራ ሲጠጉ ውሃው ጀልባው ላይ የሚሠራውን መስመር ከፊት እስከ ኋላ መመልከት ነው፤ መስመሩ አንድ ጫፍ ላይ ከፍ ብሎ ሌላው ላይ ከወረደ አንድ ነገር አለ። ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ በሮቹ ይመሰክራሉ። ሳይነኩት የሚከፈት በር፣ ወይም እንዲዘጋ ተብሎ ጥጉ በመላጊያ የተበላ በር፣ ከታች ያለውን ችግር ከላይ ይናገራል። ሦስተኛው ምስክር ሽታ ነው። ደህና ጀልባ ደረቅ የዴኦዳር መዓዛ አለው፤ የሻገተ ሽታ ከትኩስ ቀለም ጋር ተደባልቆ የሚሸት ከሆነ ቀለሙ የተቀባው ለመሸፈኛ ነው። የእንጨት ጀልባ ጥቂት ውሃ ማስገባቱ ነውር አይደለም። ነውሩ ከወለሉ ሥር ውሃ የሚቀዳው መቼ መቼ እንደሆነ ተጠይቆ ባለቤቱ መልስ ሲያጣ ነው።

ዕድሜ በራሱ ጉድለት አይደለም። አዲስ የጀልባ ቤት መሥራት ከተከለከለ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለሆነ ያሉት በሙሉ ማለት ይቻላል ያረጁ ናቸው፤ ቁጥራቸውም እየተመናመነ ነው። በደንብ የተጠገነ አሮጌ ጀልባ ችላ ከተባለ ወጣት ጀልባ ይበልጣል።

ከሆዱ ቀጥሎ ዓይን ወደ ኮርኒሱ ይሂድ። የካሽሚር አናጢዎች ከፍተኛ ጥበብ ያለው እዚያ ነው። ኸታምባንድ የሚባለው ኮርኒስ ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች፣ ኮከብና ባለ ብዙ ጎን ቅርጽ ይዘው፣ ጠርዛቸው ላይ በተቦረቦረ መስመር እርስ በርስ እየተሰካኩ ያለ ምስማር የሚጋጠሙበት ሥራ ነው። አሠራሩ ለውበት ብቻ አይደለም። ሐይቅ ላይ የሚኖር እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በክረምት ብርድ ይኮማተራል፤ ያልተቸነከረ ቁራጭ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስላለው አይሰነጠቅም። አስመሳዩ ኮምፔርሳቶ ላይ ቀጫጭን ጣውላ በምስማር እየመቱ የሚሠራው ነው፤ ከሩቅ ይመሳሰላል፣ ከቅርብ ሲታይ ግን የምስማሩ ራስና የተላቀቀው ጠርዝ ያጋልጠዋል።

እውነተኛውን ከእውነተኛው ለማበላለጥ የክፍሉን ጥግ ማየት ይበቃል። ጥሩ ባለሙያ ሥራውን ሳይጀምር ክፍሉን ለክቶ ስለሚያሰላ ኮከቡ ግድግዳው ጋ ሲደርስ በግራም በቀኝም እኩል ይቆረጣል። ቸኩሎ የሠራው በአንዱ ወገን ሙሉ ኮከብ፣ በሌላው የኮከብ ስባሪ ይተዋል። መሐሉን ሁሉም ያሳምራል፤ ችሎታ የሚለካው በጥጉ ነው።

የዋልነት እንጨት ቅርጻ ቅርጽም የራሱ መለኪያ አለው። በጠረጴዛው እግርና በሳሎኑ ወንበር ላይ የቺናር ዛፍ ቅጠልና የሎተስ አበባ ይቀረጻሉ። ጥሩው ቅጠል ከመደቡ ተነስቶ ከሥሩ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ጣት ከጠርዙ ሥር ሲገባ ልስላሴ ይሰማዋል፣ ስንጥር አይወጋውም። የደካማ እጅ ሥራ ጫር ጫር ተደርጎ በጥቁር ቀለም የጠለቀ መስሎ እንዲታይ የተደረገ ነው። በእጅ የተቀረጹ ሁለት ቅጠሎች ደግሞ ልክ አንድ አይሆኑም፤ ሁሉም ልክ አንድ ዓይነት ከሆኑ ማሽን ገብቶበታል። ስጋጃውን በተመለከተ ጠርዙን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው፤ ቋጠሮው ጥቅጥቅ ያለና ሥዕሉ ከጀርባም ጥርት ብሎ የሚነበብ ከሆነ በእጅ የተሠራ ደህና ሥራ ነው።

ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ከጌጡ ሁሉ የደኅንነቱ ነገር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በዳል ሐይቅ ላይ በተነሳ እሳት በርካታ የጀልባ ቤቶች ወድመው ሦስት የባንግላዴሽ ጎብኚዎች ሞተዋል። ደረቅ ዘይታማ እንጨት እሳት አይታገስም። ስለዚህ ቡኻሪ የሚባለው የእንጨት ምድጃ ጭስ ማውጫ ኮርኒሱን በሚያልፍበት ቦታ እንጨቱን የሚነካ መሆን አለመሆኑ፣ እሳት ማጥፊያው የት እንደተቀመጠ፣ ከመኝታ ክፍሎቹ በኩል ሁለተኛ መውጫ መኖሩ ገና በመጀመሪያው ቀን መታየት አለበት። የበረንዳው አጥር ትንሽ ልጅ የማያሾልክ ይሁን፤ በሺካራው ላይም በልጅ ልክ የተሰፋ የዋና ጃኬት ይኑር። የአዋቂ ጃኬት ልጅን አያድንም።

የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ ጀልባዎቹን ከዴሉክስ ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ እያለ ይመድባቸዋል። ደረጃው ለመነሻ ይጠቅማል፤ የሆዱን ጣውላ የዘንድሮ ይዞታ ግን አይናገርም። የመጸዳጃው ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለዘመናት በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይለቀቅ ነበር፣ አሁን ማጣሪያ ያስገቡ አሉ። ልጆቹ እጃቸውን የሚነክሩበት ውሃ ነውና ማጣሪያ ያላቸው ሊመረጡ ይገባል።

ምግቡ የሚሠራው የባለቤቱ ቤተሰብ በሚኖርበት፣ ከኋላ በታሰረው ጀልባ ነው። ጥሩ ቤት የአገሩን ምግብ ያቀርባል፤ ከሐይቁ የሚወጣውን የሎተስ ግንድ በእርጎ ሠርቶ፣ ሳፍሮን፣ ሄልና ለውዝ የገባበትን ሻይ አስከትሎ። ለእንግዳ ሁሉ ቶስትና እንቁላል ብቻ የሚያወጣ ቤት ሙያውን ደብቋል።

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አየሩ ለስላሳ ነው፤ ሎተስ የሚያብበው በሐምሌና በነሐሴ፣ የቺናር ቅጠል የሚቀላው በጥቅምት ነው። በየትኛውም ወቅት ገንዘብ ከመክፈል በፊት ጀልባውን በቀን ብርሃን ዞሮ ማየት ይገባል። የወለሉን ሥር ለማሳየት የማያመነታ ባለቤት ቤት ማረፍ ይሻላል፤ የሚያመነታ ከሆነም ሌላው ጀልባ በሺካራ ጥቂት ደቂቃ ቢርቅ ነው።