ሰውየውና ሸለቆው በአንድ ብርሃን

ሰውን ከነመልክዓ ምድሩ በዘይት ቀለም መሣል ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሥዕል የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። ፊቱ ቁርጥ ራሱን ይመስላል፣ ዛፉም ዛፍ ነው፤ ሰውየው ግን ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ለምን? በሰውየውና በመሬቱ ላይ ያረፈው ብርሃን አንድ ስላልሆነ ነው።

ይሄን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሠዓሊ ከጊቫት ሃሞሬ ብዙ ሳይርቅ አለ። ኤሊ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1953 የተወለደው እዚሁ ዔሜክ ይዝረዔል ውስጥ፣ ክፋር የሆሹዓ በሚባል ሞሻቭ ነው። ቤተሰቡን፣ ጎረቤቶቹንና የሞሻቩን ገበሬዎች በሸለቆው ማሳ ላይ አቁሞ በዘይት ቀለም ይሥላል። የሰዎቹና የማሳው ቀለም የተዛመደ ስለሆነ፣ የቦታው ሰዎች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረን እናምናለን። ሻሚር የሚሥለው የሚያውቀውን ነው፤ ልክ ነው። የእኛን ሰዎች በዚሁ ሸለቆ መሣል ግን የእኛ ሥራ ነው።

«ኒሪት ታከለ አለች አይደል?» ትሉ ይሆናል። አለች፤ ሥራዋም ትልቅ ነው። በ1985 ኢትዮጵያ ተወልዳ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣችው ኒሪት፣ ሰዎቻችንን እንደ ሐውልት አግዝፋ በአክሪሊክ ትሥላለች። ክብደታቸው ያስከብራቸዋል። የመረጠችው መንገድ ግን እውናዊ ሥዕል አይደለም። አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ ለጠራ ጠርዝ ይመቻል። ዘይት ለቀናት ሳይደርቅ ስለሚቆይ፣ የጉንጭን ጠርዝ ከኋላው ካለው ስንዴ ጋር ቀስ አድርጎ ማዋሃድ ይቻላል።

ለእኛ ትልቁ ፈተና ጥላው ነው። ቡናማ ቆዳ ላይ ጥላ ለማሳየት ጥቁር ቀለም ብቻ የሚጨምር ሠዓሊ ፊቱን ይገድለዋል። ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ጥላ እኮ ባዶ ጥቁር አይደለም፤ ወደ ላይ የዞረው ገጽ ከሰማዩ ሰማያዊ ይቀበላል፣ አገጭ ሥር ከደረቁ አፈር የሚመለስ ሞቅ ያለ ቀለም አለ፣ ነጠላ የለበሰች እናት ከሆነች ደግሞ ነጩ አንገቷ ላይ ያበራል። ይሄን ያላየ ሠዓሊ አያቶቻችንን በዚህ አገር መሬት ላይ ለጥፏቸው ይሄዳል፤ ተለጥፎ መታየት ምን እንደሆነ ደግሞ እኛ እናውቀዋለን።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሥዕል ፊት ስትቆሙ «ይመስላል ወይ?» ብቻ አትበሉ። አገጩ ሥር ተመልከቱና የቆመበት መሬት ቀለም እዚያ ደርሶ እንደሆነ እዩ።