ከአውቶቡሱ በፊት ያለው መንገድ

«ሲሞቱማ ሁላችንም እንደርሳለን። ሳይሞቱ ነው ችግሩ።»

ይህን ያለችው እናቴ ናት። በሠፈራችን የሴቶች እድር ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ያዥ ስለነበረች የምትናገረውን ታውቃለች። ቃሉ ከአፏ የወጣው ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳይሆን ፊልም እያየን ነው።

ፊልሙ «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» ይባላል። «ወደ ውበት የሚያደርስ መንገድ» ብንለው ከትርጉሙ ብዙም አንርቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የወጣ፣ ሜሪ ኦሊቭ ስሚዝ ዳይሬክት ያደረገችው ዘጋቢ ፊልም ሲሆን፣ በፊስቱላ የተጎዱ አምስት ኢትዮጵያውያት ወደ አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል መጥተው ሲታከሙ ያሳየናል። መጀመሪያ ብቻዬን አየሁት፤ አለቀስኩ፤ አደነቅኩ። ሁለተኛ ጊዜ ከእናቴ ጋር ሳየው ግን እርሷ ከማልቀስ ይልቅ መጠየቅ አበዛች። «ለመሆኑ ያገሩ ሰው የት ሄዶ ነው?» አለችኝ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

ፊስቱላ ምን እንደሆነ ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ምጥ ለቀናት ሲራዘምና ሕፃኑ መውጣት ሲያቅተው፣ ጭንቅላቱ የእናቲቱን ገላ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ደም እንዳይደርሰው ያደርጋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይቀደዳል። በቀዳዳው በኩል ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር፣ ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። ልጁም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ልጇን የቀበረች ሴት በዚያው ላይ ባሏንና ጎረቤቷን ታጣለች ማለት ነው። በጊዜው ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሐኪም ጋ ብትደርስ ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር!

ፊልሙ መመስገን የሚገባውን ያህል ይመስገን። ሴቶቹን በገዛ አንደበታቸው ያናግራቸዋል እንጂ ሌላ ሰው ስለ እነርሱ እንዲያለቅስላቸው አያደርግም። አንዷ ከእናቷ ቤት ጀርባ በተቀለሰች ጎጆ ብቻዋን ስትኖር እናያለን። መኪና መንገድ ለመድረስ በእግር የሚፈጀውን ሰዓት፣ ከዚያም አውቶቡሱን እናያለን። ካሜራው አይቸኩልም።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ፊልሙ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ የሚያባርር መንደርና የሚቀበል ሆስፒታል። መንደሩ ጨለማ፣ ሆስፒታሉ ብርሃን ሆኖ ተስሏል። በመካከል ያለው ግን የለም። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ አዋላጇ፣ ቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረምሶች የሉም። ተመልካቹ ፊልሙን ጨርሶ ሲነሳ «ለዚያ ሆስፒታል ገንዘብ ልላክ» ይላል፤ ደግም ያደርጋል። «ለዚያ መንደር ሴቶች ምን ላግዝ?» ብሎ የሚጠይቅበት በር ግን አልተከፈተለትም።

የሆስፒታሉ የራሱ ታሪክ እንኳ ከዚህ የሰፋ ነው። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው በ1974 ዓ.ም. ሆስፒታሉን ሲከፍቱ፣ ሥራውን ከነጭ ሐኪሞች እጅ ብቻ አላስቀሩትም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታካሚ ሆነው ገብተው፣ አይተው ተምረው፣ ራሳቸው የፊስቱላ ኦፕራሲዮን የሚሠሩ ሆነዋል። ብዙዎቹ ረዳት ነርሶችም የዳኑ ታካሚዎች ናቸው። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የሐምሊን አዋላጆች ኮሌጅ ደግሞ ሐምሊኖች ራሳቸው መፍትሔው ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ወዲያ፣ ገጠር ውስጥ መሆኑን እንዳወቁት ይመሰክራል።

ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ወላድ የምትሞትባቸውን ሦስት መዘግየቶች ለይተዋል። አንደኛው ሐኪም ቤት ለመሄድ እስኪወሰን፣ ሁለተኛው እስኪደረስ፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምና እስኪገኝ የሚጠፋው ጊዜ ነው። ሆስፒታል የሚያድነው ከሦስተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የባልና የአማት፣ የጎረቤትና የእድር ናቸው።

እዚህ ላይ ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬን ማንሳት ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. በከምባታ ድርጅታቸውን ሲመሠርቱ የሴት ልጅ ግርዛትን ማስቀረት ነበር ዓላማቸው። የአገሩ ሰው ግን በቅድሚያ የጠየቃቸው ድልድይ ነበር። እርሳቸውም «ለዚህ አልመጣሁም» አላሉም፤ ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ተቀምጦ ያዳመጣቸው፤ በየቀበሌው ሽማግሌውም ወጣቱም ተሰብስቦ የተወያየው። በ2019 ዓ.ም. ሲያርፉ ልማዱን በአደባባይ የሚቃወም ትውልድ ትተው ነበር። ድልድዩ ከግርዛት ጋር ምን አገናኘው? መተማመንን ነው ያገናኘው!

ይህን ስል እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ስለሚረዳው የገጠር ሴቶች ማኅበር በራሪ ጽሑፍ እንዳዘጋጅለት ቀጠረኝ። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጠና ያሉ እናት፣ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ሥልጠናውን ሦስቴ ሰምተነዋል። ምጥ ቤት ውስጥ አይዋል አይደር፣ ገብቶናል። ሌሊት የያዛትን በምን እናውርዳት?» የፈለጉት ቃሬዛ፣ የመኪና ኪራይ የሚሆን ተቀማጭ ገንዘብና ከተማ ላይ የሚያድሩበት ጥግ ነበር። የድርጅቱ በጀት ግን የተያዘው ለሥልጠና ብቻ ነው። እኔስ ምን ጻፍኩ? «በእናቶች ጤና ላይ ሰፊ ግንዛቤ ተፈጥሯል» ብዬ ጻፍኩ፤ ክፍያዬንም ተቀበልኩ። የሴትዮዋ ጥያቄ በራሪ ጽሑፉ ውስጥ የለም። ፊልሙን «መንደሩን አላሳየም» ብዬ ስወቅስ እኔም ያንኑ ማድረጌን ልደብቅ አልችልም።

«ድሃ ማኅበር ገንዘብ ቢሰጠው ያባክነዋል፤ ሆስፒታል ግን ያድናል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም እናቴ የያዘችው መዝገብ ለዚህ መልስ አለው፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ድንኳኑን ማን ወሰደ፣ ሁሉም ተጽፏል። ለሞት ይህን ያህል የተደራጀ ሕዝብ ለምጥ መደራጀት ያቅተዋል ብሎ ማመን ይከብደኛል። የሚጎድለው ፈቃድና ጥቂት ድጋፍ ነው፤ እርሱም የሚፈልገውን እራሱ እንዲናገር ከተተወ።

ፊልሙን እዩት፤ ሊታይ የሚገባው ነው። ስታዩት ግን አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት ያለውን መንገድ አስተውሉት። በቀጣዩ የእድር ስብሰባም አንድ ሰው እጁን ያውጣና ይጠይቅ። እናቴ ጠይቃለች። «ለመቅበሪያ የምናዋጣውን ያህል ለመውለጃም እናዋጣ» ስትል ግማሹ ሳቀ አሉ። ግማሹ ግን አልሳቀም።